ሰዓዳ እስክትደርስ ቤት አይጠረግም

መርሳ መጥታችሁ መንገድ ከምትጠይቁ ዝም ብላችሁ ብትጠፉ ይሻላችኋል። ክፋት ኖሮብን አይደለም። ርቀት ማውራት አንወድም። «ግራና ከተማ ሩቅ ነው?» ብላችሁ አንዱን ብትጠይቁት በአገጩ ወደዚያ ማዶ እየጠቆመ «ኧረ እዚህች ናት» ይላችኋል። እዚህች ናት ያላችሁን አምናችሁ ስትሄዱ ጫማችሁ አፉን ይከፍታል፣ ፀሐይቱ ትዞራለች፣ ግራና ግን አሁንም እዚህች ናት። እንግዳን ገና ሳይነሳ ማድከም ነውር ስለሆነ ነው። መንገዱ ራሱ ይነግረው የለ? እኛን ምን አስቸኮለን?

እኔም በዚሁ ጠባይ ያደግሁ ነኝ። ደምሴ እባላለሁ፤ መርሳ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሳሙና፣ ብስኩት፣ የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ካርድ በመሸጤ ሰፈሩ የስልክ መሐንዲስ አድርጎ ሾሞኛል። ስልኩ አልጮህ ያለው፣ ልጁ ከጅዳ የላከችለትን ፎቶ መክፈት ያቃተው፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔም አላውቅም አልልም። ባለሱቅ አንዴ «አላውቅም» ማለት ከጀመረ «የለም» ማለትም ይለምድበታል፣ ያኔ ገበያው አለቀ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘሐራ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል፣ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሰዓዳ ነች። እትዬ ዘሐራን የማያውቅ ሰው እንኳ መጥረጊያቸውን ያውቃል። ጧት ሶላታቸውን ሰግደው ሲያበቁ ቤታቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ግቢያቸውን፣ ከዚያ የአጥሩን ውጭ፣ ከዚያ እጃቸው ስላልጠገበ የእኔን ሱቅ ደጃፍ። አንድ ቀን የወልድያ ሚኒባስ ሰው ሊጭን ቆሞ ሳለ ከጎማው ሥር ያለውን ቅጠል ሊያወጡ ጎንበስ ቢሉ፣ ሹፌሩ «እማማ፣ አደራ እኔንም አብረው እንዳይጠርጉኝ» ብሎ ለምኗቸዋል። እንዲህ ያሉ ሴት ናቸው።

ሰዓዳ ዐረብ አገር ልሂድ ብላ ተነሳች። ሀብሩ ወረዳችን ውስጥ ልጁን ዐረብ አገር ያልሸኘ ቤት ካለ ልጅ ያልወለደ ቤት ነው። ሠራተኛ ላኪው ኤጀንሲ ሁለት ሦስት አገር ጠራላቸው። ከተጠራው ሁሉ እትዬ ዘሐራ የመረጡት ዮርዳኖስን ነው፤ የመረጡትም በከተማዋ ስም ነው። ከተማዋ አማን ትባላለች ሲሏቸው ሌላውን መስማት አልፈለጉም። መቼም የወሎን ሰላምታ ታውቃላችሁ። ሰው ከሰው ሲገናኝ «አማን ነው?» ይባባላል፣ «አማን ነው» ይባባላል። ደኅና ነው፣ ሰላም ነው ማለት ነው። «አገሩ አማን ከተባለ ሰዉ እንዴት ይከፋል?» አሉኝ። እኔም «ልክ ነዎት» አልኳቸው፤ ሊሄድ የተነሳን ሰው እናት ምን ይሏታል? በስም ቢሆንማ ደምሴ የተባልኩት እኔ እስከ ዛሬ የደመሰስኩት ብስኩት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መንገደኛ ከቤት ሲወጣ ከኋላው ቤት አይጠረግም። ይህን የማያውቅ ካለ እናቱን ይጠይቅ። ሰው ወጥቶ ሳይደርስ ከጠረጋችሁ እግሩን ከደጃችሁ ጠረጋችሁት ማለት ነው፤ መመለሻውን ያጣል ይባላል። እኔ አላልኩም፣ የተባለውን ነው የምነግራችሁ። ሸሁን ብትጠይቋቸው «ይኼ ነገር ሸሪዓ ውስጥ የለም» ይሏችኋል። ቄሱንም ብትጠይቋቸው «መጽሐፉ አይልም» ይሏችኋል። በዚህ ሁለቱ ይስማማሉ። ሸሁም ቄሱም ልጃቸው መንገድ ሲወጣ ቤታቸው ሳይጠረግ ይውላል፤ በዚህም ይስማማሉ።

ድሮ ነገሩ አያስቸግርም ነበር። ሰው ቢሄድ ወልድያ ነው፣ ቢርቅ ደሴ ነው። ጧት የወጣው ቀትር ሳይሆን ይደርሳል፣ ከሰዓት በኋላ መጥረጊያ ይነሳል፣ አለቀ። ዐረብ አገር ሲመጣ ግን የቆሻሻው ነገር ተበላሸ። ሰዓዳ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወረደች፣ ዘመድ ቤት ሰነበተች፣ ከዚያ በአውሮፕላን ልትሄድ ነው። ይህ ሁሉ አንድ መንገድ ነው፤ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለች ከተማ እንጂ መድረሻ አይደለችም ብለው እትዬ ዘሐራ ፈረዱ። ራሳቸውን ስላላመኑ መጥረጊያውን ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወረወሩት። ከዚያ እጃቸውን እያፋተጉ እኔ ሱቅ መጡ።

አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ልንገራቸው ነው። «ከነገርከኝ ቆጥሬ እጠርጋለሁ፤ ይኼን አቧራ እያየሁ ሌላ ቀን የምውል ሰው አይደለሁም» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። የስልክ መሐንዲስ አይደለሁ? ከቦሌ እስከ አማን አውሮፕላን ማረፊያ ስንት ነው ብዬ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ካርታ ዘረጋልኝ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ሰሜን የሚወጣ ቀጭን መስመር አለው፤ ወንዝ አያውቅ፣ ተራራ አያውቅ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ አማን ላይ ዘጭ ይላል። ርቀቱን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል። የበረራው ጊዜ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ነው» አልኳቸው።

«የጧት ነው የማታ?» አሉኝ።

የሚወስደው ጊዜ መሆኑን ሳስረዳቸው አላመኑኝም። እውነቴን ነው የምላችሁ እኔም አላመንኩም። ከመርሳ ደሴ በሚኒባስ ሲኬድ ሹፌሩ ውጫሌ ላይ ቁርስ ልብላ ካለ፣ ረዳቱም ሐይቅ ላይ ሰው ካገኘ፣ ከዚህ አይተናነስም እኮ። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ የሰዓዳ ቲኬት በሌላ አገር ዞሮ የሚሄድ፣ ትራንዚት ያለበት ነው። ትራንዚት ምንድን ነው ቢሉኝ፣ የአውሮፕላኑ ውጫሌ ነው፣ አብራሪው ቁርስ የሚበላበት ነው አልኳቸው። ይኼ ገባቸው። «እንግዲያማ ቁርሱን መገመት አይቻልም» አሉና ቆጥረው የመጥረጉን ነገር ተዉት። ሰዓዳ ራሷ ደውላ ደርሻለሁ እስክትል ሊጠብቁ ወሰኑ።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ያን ሰሞን ጦርነቱ ወደኛ እየቀረበ ነበር። ክረምት ነው፣ ከወልድያ በኩል ያለው ጉርምርምታ የነጎድጓድ ነው የመድፍ ለይተን ሳንጨርስ ሰዓዳ ከቦሌ ደወለች። እኔ ሱቅ ሆነን ነው ያነጋገርናት። «እማ፣ ልገባ ነው፣ ስደርስ እደውላለሁ» አለች። እትዬ ዘሐራ ዱዓ አድርገውላት ገና አሚን ሳይሉ መስመሩ ተቋረጠ። እሷ አውሮፕላኑ ውስጥ ስትገባ ኔትወርኩ ከመርሳ ወጣ። መብራትም ተከተለው። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ።

ሰው ያለችውን እየቋጠረ ወደ ደሴ አቅጣጫ ወጣ። እትዬ ዘሐራን ሰፈሩ ሁሉ ለመናቸው፣ እምቢ አሉ። «ልጄ መንገድ ላይ ናት፤ እኔም መንገድ ከወጣሁ ቤት ማን ሊቀር ነው?» አሉ። እኔም ቀረሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ ስለ ሱቄ ነው የቀረሁት። ታጣቂዎቹ ሲገቡ ሱቄን ምን እንዳገኛት አልተርክላችሁም፤ ባጭሩ ብስኩቱን የደመሰሱት እነሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ ያየው ያውቀዋል። ወፍጮ የለም፣ መድኃኒት የለም፣ ወሬ ግን እንደ ጉድ ነው፤ አንዱም እውነት አይደለም። እትዬ ዘሐራ ግን ስለ ጥይቱም ስለ ዱቄቱም አያወሩም። ያላቸው ጭንቅ አንድ ነው፣ ሰዓዳ ደርሳለች አልደረሰችም? ቤታቸው አቧራ ለበሰ። ጥግ ጥጉን ሸረሪት አደራበት። የሽንኩርት ልጣጭ ሲወድቅባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያልፉታል። ያቺ ጎማ ሥር የምትጠርግ ሴት!

አንድ ቀን አይዞዎት ብዬ ልነግራቸው ሄድኩ። ስልኬ ሳይዘጋ ያየሁትን ካርታ አስታወስኳቸው። ሦስት ሰዓት ተኩል የሚለው መንገድ፣ የፈለገ ቁርስ ቢበላበት፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ አይፈጅምና ደርሳለች፣ ይጥረጉ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ገጹ የነገረህ የአውሮፕላኑን ነው እንጂ የልጄን አይደለም፣ አውሮፕላን ደረሰ ማለት ልጄ ደረሰች ማለት ነው ወይ አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝና ተመለስኩ።

ደግሞ ይኼን ልንገራችሁ። ከታጣቂዎቹ አንዱ፣ ገና ለጋ ወጣት ነው፣ ውሃ ሊለምን እትዬ ዘሐራ ቤት ገባ። እኔም ምን ሊያደርጋቸው ነው ብዬ ተከትዬ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ውሃውን ጠጣና ቤቱን ቃኘው። አሮጊት ብቻዋን ሆና አቅም አንሷት መሰለው መሰለኝ፣ መሣሪያውን ግድግዳ አስደግፎ መጥረጊያውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደ። እትዬ ዘሐራ ተነስተው እጁን ያዙት። በጠመንጃ ያልደነገጠ ልጅ በእሳቸው ደነገጠ። ልጃቸው መንገድ ላይ መሆኗን ነገሩት፤ አማርኛው ጎርበጥ ያለ ነው ግን ገባው። መጥረጊያውን ቀስ አድርጎ እነበረበት መለሰ። ከዚያ እትዬ ዘሐራ «አንተስ እናት አለችህ?» አሉት። አለችኝ አለ። «ከወጣህ ወዲህ ቤት ጠርጋ ይሆን?» አሉት። መሣሪያውን አንስቶ ሄደ። ስለ እነሱ ብዙ የከፋ ነገር ልነግራችሁ እችላለሁ፣ ብዙም ሰምታችኋል፤ ስለዚያ ልጅ የማውቀው ግን ይህን ብቻ ነው፣ እናቱም አሳዘነችኝ።

ከዚያ አያ ሙሄ የሚባሉ የግራና ነጋዴ ብቅ አሉ። አያ ሙሄ በቆላው ዞረው በእግር ደሴ ሊገቡ ነው፤ ያን ጊዜ ደሴ ገና አልተያዘችም፣ ስልክ አለ። ሰፈሩ ሁሉ መልእክት ጫነባቸው። ፍተሻ ስላለ ወረቀት አልይዝም፣ በቃል ብቻ ነው የማደርሰው፣ ከአንድ ቤት ከአንድ ቃል በላይ አልሸከምም አሉ። እትዬ ዘሐራ ደሴ ልብስ የምትነግድ እህት አለቻቸው። «ሰዓዳ ደረሰች ወይ ይበሏት» ብለው ሰደዷቸው።

አያ ሙሄ ከሳምንታት በኋላ ከስተው፣ ጢማቸው አድጎ ተመለሱ። እያንዳንዱን ቤት እየጠሩ እንደ መስጊድ ሰደቃ ቃል ማደል ጀመሩ። ለአንዱ «ወንድምህ ኮምቦልቻ ገብቷል»፣ ለአንዷ «ባልሽ ታሞ ተሽሎታል»። ተራው እትዬ ዘሐራ ዘንድ ሲደርስ፦

«ሰዓዳ አማን ናት ብላለች እህትሽ» አሉ።

እልልታው ቀለጠ። እኔ ራሴ እልል ብያለሁ፣ ወንድ መሆኔን ረስቼ። እትዬ ዘሐራ «አልሃምዱሊላህ» እያሉ በቀጥታ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዱ። እጃቸው መጥረጊያው ላይ ሲደርስ ቆመ። ዞር አሉ።

«አያ ሙሄ» አሉ፣ «አማን ናት ሲሉኝ፣ አማን ናት ነው ወይስ አማን ናት?»

ይህን ጥያቄ አሁን ጽፌ ሳየው እኔንም ግራ ያጋባኛል። ያኔ ግን ሁላችንም ወዲያው ገባንና ቀዝቀዝ አልን። እውነት ነው እኮ። ደኅና ናት ለማለት አማን ናት ይባላል። አማን ከተማ ገብታለች ለማለትም አማን ናት ይባላል፤ ደሴ ናት፣ ወልድያ ናት እንደምንለው። ደርሳ ከሆነ ቤቱ መጠረግ አለበት። ደኅና ናት ብቻ ከሆነ ግን ምናልባት አዲስ አበባ ቀርታለች፣ ምናልባት ያ ትራንዚት የተባለው ቦታ ታግዳለች፣ ደኅና ትሁን እንጂ አልደረሰችም፤ ከተጠረገ ጉድ ነው።

አያ ሙሄ ግራ ተጋብተው አንድ በአንድ አዩን። «አማን የሚባል አገር አለ እንዴ?» አሉ። «ወላሂ ካለስ እኔም እሄዳለሁ።»

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። እህቴ ስትነግርዎት ድምፅዋ እንዴት ነበር? እየሳቀች ነበር? አያ ሙሄም «ደሴ ውስጥ ያን ሰሞን ማን ይስቃል?» አሉ። ጣቷን ወደ ሩቅ እየጠቆመች ነበር ወይስ ደረቷን ይዛ? ልብስ እያጠፈች ነበር አሉ። በመጨረሻ ሰውዬው ተናደዱ። እኔ አማን ናት ተባልኩ፣ አማን ናት አመጣሁ፣ አልጨመርኩ አልቀነስኩ፤ ያን ሁሉ ገደል ይዤላችሁ የወጣሁትን ቃል አሁን ደግሞ ሥጋውን ከአጥንቱ ልለይላችሁ ወይ አሉ። እውነታቸውን ነው። ተመልሰው እንዳይጠይቁ ደግሞ ወዲያው ደሴም ተያዘች፣ ያም መንገድ ተዘጋ።

ዳኝነቱ እኔ ላይ ወደቀ፤ የስልክ መሐንዲስ ነኛ። ደርሳለች አልኩ። ሸሁ ደኅና መሆኗ ይበቃል፣ አላህን አመስግኚ አሉ። እትዬ ዘሐራ ሁለታችንንም ሰሙን። በማግስቱ ጧት የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁና ደስ ብሎኝ እንኳን ደስ አለዎት ልል ገባሁ። ያየሁትን አልረሳውም። ከጓዳው ግድግዳ እስከ መሀሉ ምሰሶ ወለሉ እንደ ሳህን ያበራል። ከምሰሶው እስከ በሩ አቧራው፣ ልጣጩ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። መሀል ላይ ቀጥ ያለ ድንበር አለ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ደኅና ናት ለተባለው ይኼን ጠረግሁ» አሉኝ። «በበሩ በኩል ያለውን ግን አልነካም፤ መንገደኛ የሚገባው በበር ነው።»

እንዲህ በግማሽ ቤት ከረሙ። በተጠረገው ይሰግዳሉ፣ ባልተጠረገው ይመላለሳሉ። ማሽላው ደረሰ፣ የቻለ አጨደ፣ ያልቻለ ለወፍ ተወ። ታጣቂዎቹ አንድ ቀን እንደ መጡት ሄዱ። የሸሸው ሰው ከሞተው ዜና ጋር እየተቀላቀለ ተመለሰ፤ አንዱ ቤት እልል ሲል ጎረቤቱ ያለቅሳል፣ እልል ያለውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አብሮ ያለቅሳል። እትዬ ዘሐራ ለቅሶ ቤቱን ሁሉ አዳረሱ፣ የሰው ደጅ ሁሉ ጠረጉ። የራሳቸውን ግማሽ ግን አልነኩትም።

ኔትወርክ ከመብራቱም ዘግይቶ ነው የመጣው። ሱቄ ውስጥ ባዶ መደርደሪያ ተደግፌ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንዘፈዘፈ። የሰፈሩ ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ይጮህ ጀመር። ሰው ከየቤቱ ሮጦ እኔ ሱቅ ሞላ፤ ካርድ ያለው እኔ ዘንድ መስሎት ነው፣ እኔ ዘንድ አንድም የለም። እትዬ ዘሐራም መጡ። ቁጥራቸው ድሮም የእኔ ስልክ ነው። አጠገቤ ቆሙ፣ ዓይናቸውን ስልኩ ላይ ተክለው።

ጮኸ። ቁጥሩ የኛ አገር አይደለም። መነሻው የዮርዳኖስ ነው፤ ይህቺን እንኳ ሰዓዳ ከመሄዷ በፊት አጥንቻት ነበር። «ከአማን ነው፣ ከራሷ ከከተማዋ ነው፣ ደርሳለች» አልኳቸው። ድምፁን ከፍቼ በእጃቸው አስያዝኳቸው።

«እማ?» አለች ሰዓዳ። «እማ፣ አማን ናችሁ?»

እትዬ ዘሐራ ስልኩን አፋቸው ላይ አስጠጉት። አስበውበት ይሁን ሳያስቡት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

«እኛማ መርሳ ነን» አሏት። «አማን አንቺ ነሽ።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ፣ ሳቁን የጨረሰ ግን አልነበረም። ከወዲያ በኩል ሰዓዳ ስትንሰቀሰቅ ይሰማል። እኔ እናትየው ሊያለቅሱ ነው ብዬ ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ስልኩን እጄ ላይ አኖሩልኝና ነጠላቸውን አጣፍተው እየተቻኮሉ ወጡ።

«ጋሽ ደምሴ» አለችኝ ሰዓዳ እንባዋን እየዋጠች፣ «እማ የት ሄደች?»

«ቤት ሊጠርጉ» አልኳት።

«አሁን? ስልክ ላይ እያለሁ? እኔ እኮ የደረስኩት ያኔ ክረምት ላይ ነው።»

«ምን ያድርጉ ልጄ» አልኳት፣ «ለእሳቸው ገና አሁን መድረስሽ ነው።»